ጎንደር ለሚመጣ ባንድ የመድረክ መብራት ለምትሠሩ

ሰላም ወገኖቼ። ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር ለሚመጣ ባንድ መብራት ሠርታችሁ ልትልኩ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም አሜሪካ ሳለሁ ለሦስት ወር ማታ ማታ እየሠራሁ ስምንት መብራት ይዤ መጥቼ ነበር። ፒያሳ አካባቢ በተተከለው መድረክ ላይ ገና ሶኬቱ ሲሰካ ቧ! አለና ጭስ ብቻ ሆነ። ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ለመብራቱ ወደሚሆን ቮልት የሚቀይረው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ጎኑ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ እኔ 115 ላይ ትቼዋለሁ፣ እኛ አገር ደግሞ 220 ቮልት ነው። የዚያን ማታ ልጆቹ በሁለት አምፖል ተጫወቱ። ዘፋኟ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ የሚቀበለውን ግዙ። መቀየሪያ ያለውን አትንኩት። ማታ የመብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ወይም ጄኔሬተር ሲነሳ፣ በራሱ የሚቀበለው ይችለዋል።

ኤልኢዲውን በ12 ሳይሆን በ24 ቮልት አድርጉት። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፣ በ24 ግን 2.5 ብቻ ነው፤ በዚያው ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የሩቁ መብራትም አይደበዝዝም። መቆጣጠሪያው ዲኤምኤክስ፣ ማለትም ለመድረክ መብራቶች በገመድ ትእዛዝ የሚልከው ዓይነት፣ ከሆነ ደግሞ መብራቶቹን ከአንዱ ወደ አንዱ በተርታ አያይዟቸው፤ መጨረሻው ላይ 120 ኦም መዝጊያ (ሬዚስተር) ካላደረጋችሁ ሳይታዘዙ ብልጭ ድርግም ሊሉ ይችላሉ። ለማይክ የተሠራ ገመድ ለዚህ አይሆንም፣ እባካችሁ በእሱ አትቆጥቡ።

መብራቱ የሚያርፍበትን ብረት ግን ከውጭ አትጫኑ! ለሻንጣ ኪሎ የምትከፍሉት ያሳዝነኛል። ጎንደር ቱቦላሬ አለ፣ ብየዳ ቤት አለ፤ ሥዕሉን በሚሊሜትር አድርጋችሁ ላኩ፣ በኢንች ከላካችሁ በያጁን ልጅ ታደክሙታላችሁ። መኪናው ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። በሙጫ የተያዘ ነገር ይህን መንገድ አይችለውም። ብሎኑን ሁሉ ባለ 8 ሚሊሜትር (M8) አድርጉትና በአንድ የ13 ቁልፍ ይፈታ። የሽቦውን መስመር በአማርኛ ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉት፤ ሲበላሽ የሚከፍተው እናንተ ሳትሆኑ እዚህ ያለ ልጅ ነው።

ትርፍ ፓወር ሰፕላይ ሁለት ላኩ። መድረክ ላይ የሚቃጠለው ማታ ነው፣ ሱቁ ደግሞ ማታ ዝግ ነው።