ስለ አሮጌ ትናንሽ አውሮፕላኖች መስኮት፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

በትናንሽ አውሮፕላኖች ጥገና ብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በጡረታ እኖራለሁ። ስለ መስኮት ጥገና ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ ተደጋግመው ለመጡት መልሴ የሚከተለው ነው።

ጋሼ፣ የመኪና መስታወት ማጽጃ ለአውሮፕላን መስኮት ብጠቀም ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። የእነዚህ አውሮፕላኖች መስኮት በአብዛኛው መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ እኛ ፕሌክሲግላስ የምንለው ማለት ነው። በብዙ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ ያለው አሞኒያ፣ እንዲሁም ቤንዚን፣ አሴቶንና አልኮል ይጎዱታል። ጉዳቱ በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ ውሎ አድሮ ግን ፀሐይ በሰያፍ ስታርፍበት እንደ ሸረሪት ድር የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ስንጥቆች ይወጡበታል፣ እነዚህም በምንም ቅባት አይድኑም።

ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ እያነሣ በሚበትንበት ከተማችን ደግሞ ደረቅ ጨርቅ ከፈሳሹ የባሰ ጠላት ነው። በመጀመሪያ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይፍሰስበት፤ ከዚያ ቀለበትና ሰዓት አውልቃችሁ በባዶ እጅ ለስላሳ ሳሙና እያዳረሳችሁ እሹት። ጣት ጠጠር ሲነካው ወዲያው ያውቃል፤ ጨርቅ ግን ጠጠሩን ይዞ እየፋቀ ይሄዳል። በደረቁ ማሸት በተጨማሪ ፕላስቲኩን በኤሌክትሪክ ስለሚሞላው አቧራን መልሶ ይስባል። ማድረቂያው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ እጃችሁም ከላይ ወደ ታች እንጂ በክብ አይዙር፣ ምክንያቱም በክብ የተጫረ መስኮት ፀሐይን በአብራሪው ዓይን ላይ ይበትናል።

የአንበጣ ርጭት አውሮፕላን መስኮት ላይ የደረቀ አንበጣ በምን ይለቃል?

የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በከተማችን ጣቢያ ስላለው ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በውሃ የራሰ ጨርቅ አልብሳችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁ እንጂ በጥፍርም በቢላም አትፋቁት።

አዲስ የፊት መስኮት ገጥመን በ3 ወር ውስጥ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ዕቃው መጥፎ ይሆን?

ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት አገጣጠሙን መርምሩ። አክሪሊክ በሙቀት የሚለጠጠው ከአሉሚኒየም 3 እጥፍ ያህል ነው። ንጋት ላይ ቀዝቅዞ ያደረ አውሮፕላን ቀትር ላይ የገላው ሙቀት ከንጋቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው መስኮት ወደ 3 ሚሊሜትር ሲያድግ የአሉሚኒየሙ ፍሬም እድገት ግን 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የ2 ሚሊሜትሩ ልዩነት መሄጃ ካላገኘ ኃይሉ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሣል።

ስለዚህ በፕላስቲኩ ላይ ያለው ቀዳዳ ከብሎኑ በግልጽ መስፋት አለበት። ዳዶው ልክ እስኪነካ ከጠበቀ በኋላ ጥቂት ይመለስ፤ ምን ያህል እንደሚመለስ የጥገና መጽሐፉ ይወስናል። ቀዳዳውን ስትበሱም ለብረት የተሳለ ፑንታ ፕላስቲኩን ነክሶ ስለሚጎትተው ለአክሪሊክ የተዘጋጀውን ተጠቀሙ፤ ትራፓኖውንም አትጫኑት። መስኮቱ ጠማማ ሆኖ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ካለ በጉልበት አጥፎ ማስገባት በኋላ ለሚመጣው ስንጥቅ ቀጠሮ መያዝ ነው። አንድ ጊዜ እኔም ራሴ በችኮላ ጠርዙን ሳላለሰልስ ገጥሜ፣ ጥፍር የማትሞላ ጭረት መስኮቱን ለሁለት ስትከፍለው አይቻለሁ።

ለማሸጊያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የቤት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ አሲዱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሸጠው ፕሌክሲግላስ ርካሽ ነው። ቆርጠን ብንገጥመውስ?

አይሆንም። ውፍረቱና የቁሱ ዓይነት ለዚያ አውሮፕላን የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ሥራውም ፈቃድ ባለው ቴክኒሽያን ተፈርሞ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ሐረር ፔጆ 404 ታክሲ አለኝ። መስታወቱን በጎማውና በገመድ ስንገጥም ኖረናል፤ አውሮፕላንስ እንዲሁ ነው?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። በጎማ የሚገቡ የአውሮፕላን መስኮቶችም አሉ፣ ዘዴውም ይቀራረባል። ነገር ግን የፔጆው እውነተኛ መስታወት ስለሆነ ጎማውን ለማለስለስ የምትቀቡት ቅባት አይጎዳውም፤ አክሪሊክን ግን ሊያበላሸው ስለሚችል ለእኛ የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ትንሽ ስንጥቅ ያለበት መስኮት አዲሱ እስኪመጣ መብረር ይችላል?

በስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ መብሳት ስንጥቁ እንዳይሄድ ያግዘዋል፤ ይህ ግን ጊዜያዊ ነው። መብረር መቻሉን የሚወስነው ፈቃድ ያለው ቴክኒሽያን ነው። በአብራሪው እይታ መሥመር ላይ ከሆነ እኔ አልፈርምም።

አውሮፕላኑ ውጭ ሲቆም በሸራ መሸፈን ይጠቅማል?

ሸራው ንጹሕና አጥብቆ የታሰረ ከሆነ ይጠቅማል። ከላላ ግን ነፋስ ሲያራግበው በሥሩ የገባው አሸዋ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን ሲሞርደው ያድራል።

መስኮቱ መቀየር እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

በጭረት ብቻ አትቸኩሉ፤ ጥልቀት የሌለው ጭረት ከሻካራ ወደ ልስልስ በሚሄድ ማለስለሻ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አብዝቶ መፋቅ ግን እይታን ያጣምማል። መምሸት ሲጀምር አውሮፕላኑን ወደ ምዕራብ አዙራችሁ በአብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀንበሯ ዝቅ ስትል ከፊት ያለውን መንደርደሪያ ትታችሁ መስኮቱን ራሱን የምታዩ ከሆነ አዲሱን እዘዙ።