ሱቃችን ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ለፖሊስ ብናመለክት ምን ይጠቅመናል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከባለቤቴ ጋር የምንሠራባት አነስተኛ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አለችን። በቅርብ ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሌሊት የላሜራው በር ጓጉንቸር ተቆርጦ ዘይት፣ ሳሙና፣ የዱቄት ወተትና በመሳቢያ የነበረ ዝርዝር ብር ተወሰደብን። በዚህ ላይ አንድ ሰው በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ያሳየን መልእክት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቶቻችን «ትርፉ መመላለስ ነው» ስላሉን አንዱንም አላመለከትንም። አሁን ባለቤቴ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት እንዝጋ ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰባችሁ ጉዳት ከልብ አሳዝኖናል። በትንሽ ሱቅ ላይ የሚፈጸም ስርቆት ከትርፍ አልፎ ዋናውን ገንዘብ ስለሚበላ፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አንድ ባለ 5 ሊትር ዘይት በ1,200 ብር ተገዝቶ 40 ብር ይተርፍበታል ብንል፣ አንዱ ጀሪካን ሲሰረቅ ያንን ለመተካት ብቻ ሌሎች 30 ጀሪካኖች መሸጥ አለባቸው። ዕቃው ከአከፋፋይ በዱቤ የመጣ ከሆነማ ዕዳው ከነቀጠሮው ይጠብቃል፤ የዕቁብ መዋጮም ይጓደላል።

ቀድሞ መዝጋትን አንመክርም። የተሰረቃችሁት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ መዝጋት ሌባውን አያስቀረውም። ሰው ከሥራ ሲመለስ ዳቦና እንቁላል የሚገዛበትን የምሽቱን ገበያ ግን ያሳጣችኋል። ከዚህም ሌላ የሱቅ መብራት ለመንገደኛው ጭምር ጥበቃ ነው፤ አንዱ ፈርቶ ሲዘጋ ቀጣዩ ሱቅ ብቻውን ይጋለጣል።

ማመልከትን በተመለከተ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር አንስማማም። መመላለስ መኖሩን አንክድም፤ ሱቅ አንድ ቀን ሲዘጋ የአንድ ቀን ገቢ እንደሚቀርም እናውቃለን። ሆኖም ያልተመዘገበ ስርቆት ለፖሊስ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል፤ የሌሊት ቅኝት የት ይጠንክር ተብሎ ሲወሰንም የእናንተ መንገድ ሰላማዊ ሆኖ ይታያል። ወደፊት ተመሳሳይ ነገር ቢገጥማችሁ፣ የተቆረጠውን ጓጉንቸር ሳትነኩ በ991 ደውሉ፣ የጠፋውን ዕቃ በዓይነትና በብዛት ጻፉ፣ የግዥ ደረሰኞቻችሁንም አያይዙ።

ከሁሉም በላይ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ግን ባለ ሱቆች ራሳቸው ስላላቸው ኃይል ነው። አንድ ሌባ በአንድ ሌሊት የወሰደውን ካርቶን ሙሉ የዱቄት ወተት ለራሱ አይጠቀምበትም፤ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሌላ ባለ ሱቅ ነው። ያለ ደረሰኝ፣ ከአከፋፋይ ዋጋ እጅግ ወርዶ የሚቀርብ ዕቃ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚቀበል ሰው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 መሠረት ራሱ ተጠያቂ ነው። የአካባቢያችሁ ነጋዴዎች ይህን ዓይነት ዕቃ ላለመግዛትና የሚያቀርበውን ሰው ለፖሊስ ለመጠቆም ቢስማሙ፣ ከማንኛውም ጓጉንቸር የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ስምምነት አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ብዙው ሰው በአንድ እድር ውስጥ ስለሚገኝ ጉዳዩን በወርኃዊው ስብሰባ ማንሳት ይበቃል። በዚያው አጋጣሚ በአካባቢያችሁ የተመደበውን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባልደረባ ጋብዙ። በአንድ ረድፍ ያሉ ሱቆች አዋጥተው አንድ የሌሊት ጥበቃ ቢቀጥሩ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል። የሚቀጠረው ሰው ግን መታወቂያውና ዋሱ በወረዳው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ ደመወዙም በሰዓቱ ይከፈለው። ሌባ ተይዞ ሲገኝ በቡድን መደብደብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ድርጊቱ ራሱ ወንጀል ከመሆኑም በላይ፣ በስህተት የተጠረጠረን ንጹሕ ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ስለ ቴሌብሩ፣ ደንበኛው በራሱ ስልክ የሚያሳያችሁን መልእክት ወይም ምስል እንደ ክፍያ አትቁጠሩ። ማረጋገጫው ከ127 ወደ እናንተ ስልክ መምጣቱን፣ ቀሪ ሂሳባችሁም መጨመሩን ካያችሁ በኋላ ብቻ ዕቃውን አስረክቡ። ወረፋ ሲበዛና ደንበኛው ሲያዋክባችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አጭበርባሪዎች የሚመርጡት ያንን ሰዓት ነው።

ያለፈውንም ቢሆን አሁን ማመልከት ትችላላችሁ። የሁለቱን ስርቆቶች ቀንና የዕቃ ዝርዝር፣ ከተቻለም የሐሰተኛውን መልእክት ፎቶ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ የመዝገብ ቁጥርም ጠይቃችሁ ተቀበሉ።