ጡሩምባው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ጠብቁ

ልጆች፣ ሰሞኑን ሁለት ሦስቶቻችሁ "ትራክ መንዳት ሰለቸን፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሥራ እንዴት ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የደሞዙንና የፈቃዱን ነገር ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዛሬ ስለ ጡሩምባ ልንገራችሁ።

መንገድ ላይ ክላክስ ስትነፉ ብዙ ጊዜ "ዞር በል" ማለታችሁ ነው። ወንዝ ላይ እንደዚያ አይደለም። አንድ አጭር ድምፅ፣ አንድ ሰከንድ ያህል የሚቆይ፣ "በግራ ጎኔ ላሳልፍህ አስቤያለሁ" ማለት ነው። ሁለት ከሆነ በቀኝ። ባሕር ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ በዓለም አቀፉ ሕግ አንድ ጡሩምባ "ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው" ብሎ ማሳወቅ ነው፣ በአሜሪካ የውስጥ ውኃ ላይ ግን ገና ሐሳብ ነው፤ ያኛው ከተስማማ ያንኑ መልሶ ይነፋል። እስኪመልስ ድረስ ስምምነት የለም።

ቅድሚያው ከውኃው ጋር ወደ ታች ለሚወርደው ነው። ለምን መሰላችሁ? 15 ባርጅ (ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ሦስት በአምስት ታስሮ በአንድ ጀልባ ሲገፋ ርዝመቱ 300 ሜትር ገደማ ነው። እህል ከተጫነበት ከ20 ሺህ ቶን በላይ ይመዝናል፣ ውኃው ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል፣ ልቁም ቢልም አይቆምም። ወደ ላይ የሚወጣው ግን ውኃውን እየተጋፋ ባለበት መቆየት ይችላል። ስለዚህ የትና በየት በኩል እንተላለፍ የሚለው የሚወርደው ነው፤ የሚወጣው ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ እኔም ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት፣ ከቪክስበርግ ከተማ በላይ፣ ባዶ ባርጆች እየገፋን ስንወጣ ከፊታችን የሚወርድ መጣና አንድ ነፋ። እኔ ውኃው ወደሚላላበት ዳር መጠጋት ፈልጌ ሁለት መለስኩ። ይኼ ፈጽሞ አይደረግም! ካልተስማማህ አምስት አጫጭር ትነፋለህ፣ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ከዚያ ትነጋገራለህ። አምስቱን የነፋው እሱ ሆነ። ካፒቴናችን ብድግ ብሎ መሪውን ከእጄ ተቀበለኝና ሞተሩን ወደ ኋላ አደረገው፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኛ መብራት ያኛው ባርጅ ጫፍ ላይ የቆመ ልጅ ላይ አረፈ። ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል፣ ገመድ በሁለት እጁ ይዟል፣ በእናንተ ዕድሜ ነው። ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን አብዛኛው ስምምነት በሬዲዮ ነው፣ በቻናል 13። ሕጉም ይፈቅዳል፤ በሬዲዮ ከተስማማችሁ መንፋት ግዴታ አይደለም። አባባሉ ግን አልተቀየረም፣ ዛሬም የምትሰሙት "ዋን ዊስል" (አንድ ጡሩምባ)፣ "ቱ ዊስል" (ሁለት ጡሩምባ) ነው። የሰማችሁትን ደግማችሁ ተናገሩት። "እሺ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ እሺው ለየትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጭጋግ ሲሆን ደግሞ ባርጅ እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ቢበዛ በየሁለት ደቂቃው አንድ ረዥምና ሁለት አጭር ይነፋል። ራዳር አለን ብላችሁ ተዘጋግታችሁ አትቀመጡ። ቢበርዳችሁም አንዱን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጉት፣ የሙዚቃውን ድምፅ ዝጉና አዳምጡ።