ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፦ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ እርካታ

ውድ ልጆቼ፣

ኢኮኖሚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም “የትኛውን ሥራ ልያዝ?” እያሉ የሚያማክሩኝ ተመራቂዎች አልጠፉም። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ “የቱ የተሻለ ይከፍላል?” ማለት ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን ደመወዝ ከፍ ሲል ኑሮ ምን ያህል እንደሚሻሻል ለአምሳ ዓመታት ያህል ሲጠና የቆየ ጉዳይ ስለሆነ፣ ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ጥያቄውን በኢኮኖሚክስ ውስጥ በሰፊው የከፈተው አሜሪካዊው ሪቻርድ ኢስተርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አሳየ። በአንድ አገር በአንድ ወቅት የሚኖሩ ሰዎች ሲጠየቁ፣ ገቢያቸው ከፍ ያለው ከድሆቹ ይልቅ ደስተኞች ነን ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ከ1946 እስከ 1970 ድረስ የአሜሪካውያን ገቢ በእጅጉ አድጎ ሳለ፣ ደስታቸው በዚያው ልክ ከፍ አላለም። ኢስተርሊን ለዚህ የሰጠው ምክንያት ሰው ኑሮውን የሚመዝነው በጎረቤቱ ገቢና ራሱ በለመደው ኑሮ ነው የሚል ነው። ደመወዙ በጨመረ ቁጥር “ይበቃኛል” የሚለው መጠንም አብሮ ከፍ ይላል። ይህን መደምደሚያ የሚሞግቱ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤትሲ ስቲቨንሰንና ጀስቲን ዎልፈርስ የብዙ አገሮችን መረጃ አሰባስበው የአገር ሀብት ሲያድግ የሕዝቡም እርካታ እንደሚያድግ ተከራክረዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። “ይበቃኛል” የምንለው መጠን ከገቢያችን ጋር አብሮ መሸሹን ግን እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

ወጣት መምህር ሳለሁ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይመጣል፤ በዘንባባዎቹ ሥር አልፌ፣ መንገድ ላይ ቡና ጠጥቼ እንኳ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልዘገይም ነበር። በኋላ ደመወዜ ሲሻሻል በማኅበር ተደራጅተን ከከተማው ዳር ቦታ ተመራንና ሰፊ ቤት ሠራሁ። የሳሎኑን ሴራሚክ ያስነጠፍሁ ሰሞን ማታ ማታ መብራት አብርቼ ቆሜ አየው ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ሴራሚክ መሆኑንም ረሳሁት። ያልለመድሁት መንገዱን ነው። በየጠዋቱ የባጃጅ ወረፋ፣ በክረምት ጭቃው፣ ማታ ደክሞኝ ስገባ ተኝተው የማገኛቸው ልጆች፤ እነዚህ በአሥረኛውም ዓመት እንደ መጀመሪያው ቀን ከበዱኝ። ለቤቱ የተበደርሁትን ለመክፈል ደግሞ አበል ያለበትን የመስክ ሥራ ሁሉ እየተቀበልሁ ብዙ እሑዶችን ከቤቴ ውጭ አሳለፍሁ።

ለካ ይህም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዳንኤል ካህነማን፣ አለን ክሩገርና ባልደረቦቻቸው በቴክሳስ ግዛት 909 ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ከፋፍለው እንዲመዘግቡና በእያንዳንዱ ሰዓት ምን እንደተሰማቸው እንዲገልጹ ጠየቋቸው። ዝቅተኛ ስሜት ከተመዘገበባቸው ሰዓቶች አንዱ ወደ ሥራ የሚኬድበት ሲሆን፣ ከወዳጅ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ከላይኞቹ ተርታ ነበር። እኔ ቤቱን ስሠራ የሲሚንቶውንና የብረቱን ዋጋ አንድ በአንድ አስልቻለሁ፤ የመንገዱን ሰዓት ግን በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም።

ይህን አንብባችሁ ገንዘብ ከንቱ ነው እንዳትሉ አደራ እላለሁ። ድህነትን ማሞገስ ድሃ ያልሆነ ሰው ልማድ ነው። ካህነማንና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2010 ከ450,000 በላይ የአሜሪካውያንን መልስ መርምረው፣ የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት ከ75,000 ዶላር የቤተሰብ ገቢ በላይ መሻሻሉን እንደሚያቆም፣ ሰው ስለ ኑሮው የሚሰጠው ግምት ግን ከዚያም በላይ ከፍ እንደሚል ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ካህነማን ራሱ ከማቲው ኪሊንግስዎርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ ማቆሙ በዋናነት የሚታየው እጅግ በተከፉት ሰዎች ላይ መሆኑን አመነ። ታላቅ ምሁር የቀደመ ግኝቱን ሲያርም ማየት ለእኔ ከቁጥሩ ይበልጣል። በእነዚህ በሁለቱ ጥናቶች የጸናው አንድ ነገር፣ ለእርካታ የሚቆጠረው የጭማሪው መጠን ሳይሆን ገቢው በስንት እጥፍ ማደጉ መሆኑ ነው፤ ገቢው 4,000 ብር ለሆነ ሰው 4,000 ሲጨመርለት የሚሰማውን፣ 40,000 የሚያገኘው ሰው እንዲሰማው 40,000 ሊጨመርለት ይገባል። ስለዚህ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ ወይም እናታችሁ መድኃኒት መግዛት አቅቷት ከሆነ፣ የተሻለ የሚከፍለውን ሥራ ያለ ሐፍረት ያዙ።

አጥኚዎቹ የሚጠቀሙበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከዜሮ እስከ አሥር እርከን ያለው መሰላል ቢኖር ኑሮህ የትኛው ላይ ነው ይላል። በአንድ የጥቅምት ጠዋት ሐይቁ ዳር ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ፣ ደንገሉ እንዲደርቅ ግንድ ላይ ላስደገፈ ዓሣ አጥማጅ ይህንኑ ጥያቄ አቀረብሁለት። መዳፉ ላይ የተጣበቀውን የቆሮሶ ቅርፊት በጣቱ እየላጠ ጥቂት አሰበና “አምስት ላይ ነኝ፣ ጋሼ፤ አምና ሦስት ነበርሁ” አለኝ። ዓሣው በዝቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። “ዓሣውማ ቀንሷል። ዕዳዬን ጨረስሁ፣ ልጂቱም ከበሽታዋ ዳነች” አለ። የአንድ ሰው መልስ ጥናት አይሆንም፤ ኢስተርሊን ግን በኋለኞቹ ዓመታት ጽሑፎቹ ጤናና ቤተሰብ እንደ ዕቃ ቶሎ የማይለመዱ መሆናቸውን ደጋግሞ አሳይቷል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዙን እጥፍ የሚያደርግ ሥራ አግኝቶ ሊያማክረኝ መጣ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደሚያልፍ፣ እዚህ ያሉትን ወላጆቹን በየስንት ጊዜው እንደሚያይ በወረቀት ላይ አብረን አሰላን። ከኪራይና ከትራንስፖርት በኋላ የሚቀረው ከጠበቀው ብዙ ያነሰ ነበር። እርሱ ግን የእኅቱን የትምህርት ክፍያ መሸፈን ነበረበት፣ ስለዚህ ሄደ፤ እኔም ሂድ አልሁት። ለእኅቱ የሚያስፈልገውንና ለራሱ የሚበቃውን መጠን በዚያው ወረቀት ግርጌ ጽፎ፣ ቀኑን ከትቶበት፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ አኖረው። ከዚያ በላይ የሚያገኘው እንዲጠራቀምና እኅቱ ስትመረቅ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስበት ስንቅ እንዲሆን ተስማማን።