የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስክሪን እያለ ታንክ በእጅ መለካት ሥልጠና ነውን?

ጥያቄ፦ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሮ መካኒክስ ተመርቄ አዋሽ አካባቢ በሚገኝ የነዳጅ ዲፖ በአፓረንትሺፕ (በሙያ ልምምድ) መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን የሠራሁት ጠዋትና ማታ ታንክ ላይ እየወጡ ነዳጁን በሜትር መለካትና ከፎርማኑ ኋላ እየተከተሉ የቱቦ መስመር ማየት ብቻ ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ስክሪን የእያንዳንዱን ታንክ መጠን በየሰከንዱ ያሳያል። ታዲያ በእጅ መለካቱ ለምን ያስፈልጋል? ፓምፕና ቫልቭስ መቼ ነው የምማረው? ጊዜዬ እየባከነ መስሎኛል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ወጣት ቴክኒሻኖች ስለሚያነሡት ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ፓምፕ ማስነሣትና ቫልቭ መክፈት በጥቂት ሳምንታት የሚለመድ ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈጀው በታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለና የከፈቱት ቫልቭ ነዳጁን ወዴት እንደሚወስደው በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። ለዚህ ደግሞ አንዱ ቢሳሳት ሌላው አብሮት የማይሳሳት ሁለት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ስክሪኑ አንዱ ሲሆን የእርስዎ ሜትር ሁለተኛው ነው።

ስክሪን ብቻውን ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ከለንደን በስተሰሜን፣ በሄመል ሄምፕስቴድ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የበንስፊልድ ዲፖ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2005 ምሽት 1 ሰዓት ላይ ታንክ ቁጥር 912 በቱቦ የሚመጣ ቤንዚን መቀበል ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የታንኩ ጌጅ፣ ማለትም የነዳጁን ከፍታ ለክቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው መሣሪያ፣ ተጣብቆ ቀረ፤ ነዳጁ መግባቱን ሳያቋርጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቆመ። ማስጠንቀቂያ ደወሎቹ የተያያዙት ከዚያው ጌጅ ጋር ስለነበረ አልጮኹም። ከጌጁ ተለይቶ ታንኩ ሲሞላ ፍሰቱን እንዲዘጋ የተገጠመው ሁለተኛው መሣሪያም አልሠራም፤ የመፈተሻ ማንሻውን በትክክለኛው ቦታ ላይ አጽንቶ መያዝ የነበረበት ቁልፍ አልተገጠመም ነበርና። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ቤንዚኑ ከታንኩ አናት ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ 12 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ፍንዳታው አካባቢውን አናወጠው። ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈስሶ ነበር፤ 43 ሰዎች ቆሰሉ፤ እሳቱም ለቀናት ነደደ። ዕለቱ እሑድ ባይሆንና በዙሪያው ያሉት ቢሮዎች ባዶ ባይሆኑ ኖሮ ያለ ሟች አያልፍም ነበር።

በእርግጥ ነዳጅ እየገባ ባለበት ሰዓት ታንክ ላይ ወጥቶ ሜትር መጣል ክልክል በመሆኑ፣ በዚያች ሌሊት በእጅ መለካት ያድን ነበር አልልም። ሊያድን ይችል የነበረው ቁጥሩን ከራሱ ስሌት ጋር የሚያስተያይ ሰው ነው። የታንኩ ወርድ 20 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከፍታ 314 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በሰዓት 314,000 ሊትር የሚገባ ከሆነ ደረጃው በሰዓት አንድ ሜትር መውጣት አለበት ማለት ነው። ይህን ስሌት በጭንቅላቱ ይዞ የተቀመጠ ሠራተኛ ቁጥሩ ለሩብ ሰዓት ከቆመ ስልክ ያነሣል እንጂ ስክሪኑን አምኖ አይቀመጥም። እርስዎም ሚሊ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ እጅዎ እንዲያውቀው ነው በየቀኑ ወደ ላይ የሚላኩት።

አለካኩን በተመለከተም ደጋግሞ መሥራት ብቻውን በቂ አይደለም። ነዳጁ ከገባ በኋላ በፍትጊያ የተፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እስኪበርድ በትልልቅ ታንኮች ላይ 30 ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ደንብ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱ ነፋሱን ከጎንዎ ወይም ከኋላዎ አድርገው ይቁሙ፤ የሚወጣው ትነት ፊትዎን ሊመታ አይገባም። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ቱምቢ ናስ የሆነው ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይሰጥ ነው። ቱምቢው ላይ ውኃ ጠቋሚ ቅባት፣ ሜትሩ ላይ ደግሞ ነዳጁ ይደርሳል ብለው በገመቱት ቦታ ነዳጅ ጠቋሚ ቅባት በስሱ ይቀቡ። ቱምቢው ወለሉን ሲነካ በእጅዎ ላይ ይታወቅዎታል፤ እዚያ ላይ ሜትሩን አያላሉ፤ ከላላ ቱምቢው ይጋደምና የሌለ ነዳጅ ያነብባሉ። ሁለት ተከታታይ ንባቦች እስኪመሳሰሉ ድረስም ይድገሙ። እኔ በለማጅነቴ ዘመን ንባቤ ከጌጁ በ9 ሚሊ ሜትር ተለይቶብኝ የጌጁን ቁጥር ልጽፍ ስል፣ አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ሠራተኛ እስክሪብቶዬን ያዘና «ያየኸውን ጻፍ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ለክተን ሦስቱም አንድ ሆኑ፤ በማግሥቱ ጌጁ ሲፈተሽ የተሳሳተው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ሙቀቱም ከከፍታው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው። ናፍጣ በሙቀት ስለሚሰፋ አንድ ሚሊዮን ሊትር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ 8,000 ሊትር ገደማ የጨመረ ይመስላል፤ ቤንዚን ደግሞ 12,000 ሊትር ያህል ይጨምራል። ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የአዋሽን ሐሩር አልፎ ብርድ ወዳለበት ደጋ የሚወጣ ነዳጅ በደረሰበት ቦታ «ጎደለ» ሲባል፣ ሹፌሩ ሌባ ተብሎ ከመጠርጠሩ በፊት ሁለቱም ቦታ የተመዘገበው ሙቀት መታየት አለበት። ቴርሞሜትሩን ነክሮ ወዲያው የሚያወጣ ሠልጣኝ ሳያውቅ የሰው ስም እያጠፋ ነው፤ ይህን የምለው እንዲህ ባለ ምክንያት ሥራውን ያጣ ሹፌር ስለማውቅ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን ቅሬታዎ ባዶ ነው አልልም። ቁጥሩን እየጻፉ ለሌላ ሰው ብቻ የሚያቀብሉ ከሆነ፣ የታንኩን የልኬት ሰንጠረዥ ከፍቶ ወደ ሊትር እንዴት እንደሚለወጥ ያሳየዎ ሰው ከሌለ፣ ነዳጅ በሚገባበት ፈረቃ ላይም ተመድበው የማያውቁ ከሆነ፣ የሚሠሩት የጉልበት ሥራ ነው እንጂ ሥልጠና አይደለም። ስለዚህ ፎርማንዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስሌቱን ራስዎ ሠርተው እሱ እንዲያርምልዎ፣ በሚቀጥለው የነዳጅ ቅበላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው እንዲቆዩ፣ የመስመሩንም ሥዕል በእጅዎ ሥለው እንዲያሳዩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚያዝ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ፤ ምን እንደሚማሩ በግልጽ ያልሰፈረ ከሆነ ኮሌጅዎም ድርጅቱም ተቀምጠው እንዲጽፉት የመጠየቅ መብት አለዎት። ጥያቄውን ግን በትሕትና ያቅርቡ፤ ፎርማንዎ ከኋላው እያስከተለ መስመር ማሳየቱ በራሱ ሊያስተምርዎ እንደሚፈልግ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ልጄ የነዳጅ ማከማቻ ውስጥ ለቴክኒሻንነት ሊሠለጥን ነው። ማታ ሲመጣ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እሳቱም ያሠጋኛል፤ ሽታው ጤናውን ይጎዳው ይሆን? ተው ልበለው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እናታችን፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልጅዎን ከማስተው ይልቅ ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ማድረጉ ይሻላል። በቤንዚን ውስጥ ቤንዚን የሚባል ሌላ ነገር አለ ቢባሉ ግር ይልዎት ይሆናል፤ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «ቤንዚን» (benzene) የሚሉት፣ በነዳጁ ውስጥ የሚገኘው ይህ ኬሚካል የደም ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ልብሱ ሁልጊዜ የሚሸት ከሆነ ሥራው ላይ የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው። የሥራ ልብሱን እዚያው አውልቆ እዚያው ቢታጠብ፣ ነዳጅ የነካውን ጓንት ሳይውል ሳያድር ቢቀይር፣ እጁንም በቤንዚን መታጠብን ፈጽሞ ቢተው ብዙ ይቀንሳል። መከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ ከደመወዙ አይግዛ። ከውስጥ የሚለብሰው የጥጥ ልብስ ይሁን፤ ናይለን ስታቲክ ይፈጥራል፤ እሳት ሲነካውም ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ስለ እሳቱ፣ ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር ልንገርዎ። ብዙ ሰው ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ አደገኛ ነው ብሎ ይዘናጋል፤ ትነቱ በቀላሉ ስለማይቀጣጠል አባባሉ በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ቀድሞ ቤንዚን ጭኖ በነበረ የቦቴ ክፍል ውስጥ ናፍጣ ሲጫን ቀሪው የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል በሚመቸው መጠን ላይ ይገኛል፤ በፍጥነት የሚፈስሰው ናፍጣ ደግሞ ስታቲክ ያጠራቅማል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ስለዚህ ሹፌሩን «ቀደም ሲል ምን ጭነህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ የመሬት ሽቦውን ቀለም ባልሸፈነው ብረት ላይ ማሠርና የቱቦው አፍ በነዳጅ እስኪሸፈን በቀስታ መጫን ልጅዎ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። ማታ ሲመጣ እነዚህን ይጠይቁት። መልሱን ወዲያው ካስረዳዎ በደንብ እየተማረ ነው።

ሌላው ደግሞ ወደ ወደቀ ባልደረባ አለመሮጥ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ይህ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 29 ቀን 2009 በህንድ ጃይፑር ከተማ አጠገብ ባለ ዲፖ ውስጥ ለማስተላለፍ የተዘጋጀ መስመር ላይ ቤንዚን በኃይል ተፈናጥሮ ወጣና ቫልቩ አጠገብ የነበረውን ሠራተኛ ትነቱ አዞረው። ሊረዳው የሄደው አለቃም በትነቱ ተመታ፤ ፍሳሹን የሚያቆም ሰው በአካባቢው አልቀረም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈሰሰ በኋላ ተቀጣጠለ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል፤ መተንፈሻ መሣሪያ ሳይለብሱ መግባት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። መጀመሪያ ፍሰቱን ማስቆም፣ ሰው መጥራት፣ ከነፋሱ አቅጣጫ መውጣት። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በልምምድ ማስተማር አለባቸው፤ በድርጅቱ ልምምድ ተደርጎ እንደሆነ ልጅዎን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሠልጣኙን ብቻውን እንዲሠራ መቼ ልፍቀድለት? የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን አልፏል።

መልስ፦ ፈተና ማለፉ ጥሩ ነው፤ ግን የእርስዎን ግቢ መስመር የሚያውቅ ፈተና የለም። ከታንኩ እስከ መጫኛው ድረስ አብረውት በእግር ይሂዱና እያንዳንዱን ቫልቭ በእጁ እየነካ፣ ክፍት ወይስ ዝግ መሆን እንዳለበትና ተሳስቶ ቢከፈት ነዳጁ ወዴት እንደሚሄድ ይንገርዎ። በታንኩ ዙሪያ ባለው መከላከያ ግንብ ሥር ያለውን የዝናብ ውኃ ማስወጫ ሳይጠየቅ ዝግ መሆኑን ካረጋገጠ ደስ ይበልዎ፤ ብዙዎች ይረሱታል። ከዚያም አንድ ቀን፣ እርስዎ አጠገቡ እያሉ፣ ሰነዱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የማይስማማ የታንክ ንባብ ይስጡት። ፓምፑን አስቁሞ ከጠራዎት፣ ፈርሙለት። «ትንሽ ልዩነት ነው» ብሎ ካለፈ፣ ሌላ አንድ ወር አብሮዎት ይሥራ፤ ቦቴዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ቢጠብቁም እንኳ።