ነርስ አታለቅስም? ለነርሲንግ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ «ሲስተር፣ በሽተኛ ሲሞት እንዲህ ማዘኔ ለሙያው እንደማልሆን ያሳያል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ በተማሪነቴ ዘመን አብራኝ የነበረችን ልጅ አስታወሰኝ።

በሕፃናት ክፍል ልምምድ ላይ ሳለን፣ ጓደኛችን የሳንባ ምች የጠናበትን አንድ ሕፃን ትከታተል ነበር፤ ትንፋሹን በደቂቃ ትቆጥራለች፣ ኦክስጅኑን ታስተካክላለች፣ እናቱ ወጣ ብላ ሻይ እንድትቀምስ አልጋው አጠገብ ትተካታለች። ሕፃኑ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። በእጁ ላይ የነበረውን መርፌ ራሷ አውጥታ፣ የፕላስተሩን ምልክት በጥጥ ጠርጋ ስታበቃ እናትየዋ ጮኸች፤ እሷም አብራ አለቀሰች። ኃላፊዋ መጥታ «ነርስ አታለቅስም!» አለቻትና የሙቀት መለኪያውን አስጨበጠቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም፤ ግን ዶርሙን ሙሉ ያስቅ የነበረው ጨዋታዋም አብሮ ጠፋ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ትምህርቱን ትታ ሄደች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ አስከሬን እንዴት እንደሚገነዝ በሚገባ ሲያስተምሩን፣ ገንዞ ለወጣው ተማሪ የተመደበ አንድም ሰዓት አለመኖሩ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው ጥናት፣ በለንደን አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነርሶች በሽተኛውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩና በታመመው አካሉ ይጠሩ እንደነበር፣ ከተማሪዎቹም ሲሶ ያህሉ ሥልጠናውን እንደማይጨርሱ ጽፋለች። እኛስ «የ7 ቁጥሩ መድኃኒት ተሰጠ?» እንል የለ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ኦሊቨር ጆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸውን ማፈን የለመዱ ሰዎች ደስታቸውም እንደሚያንስ፣ የገጠማቸውን በሌላ ዐይን ማየት የለመዱት ግን የተሻለ ደስታ እንዳላቸው አሳይተዋል። ያቺ ጓደኛችን «አላተረፍኩትም» ብቻ ብላ ወጣች፤ የሕፃኑ እናት በእሷ ምክንያት በዚያ ሌሊት ብቻዋን እንዳልነበረች ለጓደኛችን የነገራት ሰው አልነበረም።

ይህን ስል መርፌ እየወጋችሁ አልቅሱ ማለቴ አይደለም። አስታማሚ መጀመሪያ የሚያነበው የነርሷን ፊት ነውና በዚያች ሰዓት መቻል ግዴታ ነው፤ የዚያች ኃላፊ ንግግር ግማሹ እውነት እንደነበረ ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል።

እናንተ ስሜታችሁን በስሙ ለመጥራት ከእኛ ትበልጣላችሁ። ነገር ግን ለስልካችሁ የምትነግሩትን ያህል አብሯችሁ ላደረው ተረኛ አትነግሩም፤ ይህ ያሳስበኛል። ርክክብ ጨርሳችሁ ስትወጡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሌሊቱን አብሯችሁ ካየው ሰው ጋር ሻይ ጠጡና ተነጋገሩ። መምህራንም ብትሆኑ፣ ጠዋት ስለ በሽተኛው ካርድ ከመጠየቃችሁ በፊት ተማሪውን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙት።