ስለ ዳፍት ፐንክ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ድምፅ ቀረጻ ነው። ይህ የፈረንሳዮቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንዶች፣ የዳፍት ፐንክ፣ አልበም እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ ጀምሮ ከጆሮዬ አልተለየም። ጠይቁኝ። አደራ፣ በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኒክ ነው ይላሉ፤ ድራሙ ግን የሰው ይመስላል።

መልስ፦ የሰው ነው! ጎበዝ፣ ጥሩ ጆሮ አለህ። ሁለቱ ዳፍት ፐንኮች፣ ቶማስ ባንጋልተርና ጊ ማኑኤል፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን የሠሩት ፓሪስ፣ ቶማስ መኝታ ቤት ውስጥ በማሽን ነው። እዚህ ግን ሙዚቀኛ ጠሩ። ድራም ኦማር ሃኪምና ጆን ሮቢንሰን፣ ቤዝ ኔታን ኢስት፣ ጊታር ናይል ሮጀርስ። የቀረጹትም በቴፕና በኮምፒውተር፣ በሁለቱም ላይ ነው። ቴፕ ኃይለኛውን ምት በራሱ ያለሰልሰዋል። ማሽን ምቱን በአንድ ጉልበት ይደግማል። ሰው ግን አንዷን ጠበቅ፣ አንዷን ላላ ያደርጋል። አልበሙን ሕይወት የሰጠው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ፊታቸውን ለምን ይሸፍኑ ነበር?

መልስ፦ ሰው ፊታቸውን ሳይሆን ሙዚቃውን እንዲያይላቸው። ስለ አልበሙ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አልበሙ እንዴት ነው? አሪፍ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ምን ብዬ ልመልስ? አንድ ዘፈን ሰምተህ፣ እሱን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ «ጆርጆ ባይ ሞሮደር» ላይ ሰውዬው ለምን ያወራል?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ጆርጆ ሞሮደር በ1977 ከዶና ሰመር ጋር ዲስኮን በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ የሠራ ጣሊያናዊ ነው። ጠርተው ሕይወቱን አስተረኩት። ፊቱ የደረደሩለት ማይኮች የተለያየ ዘመን ናቸው። ስለ ድሮው ሲያወራ የድሮው ማይክ፣ ስለ አሁኑ ሲያወራ የአሁኑ። ብዙ አድማጭ ልዩነቱን አይለየውም። እነሱ ግን ተጨነቁለት! በስልክ ስፒከር ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

አንድ አባል፦ ያም ሆነ ይህ የ2001ዱ አልበማቸው «ዲስከቨሪ» ይበልጣል። ይሄ የድሮ ዲስኮ ነው።

ሌላ አባል፦ «ዲስከቨሪ» እኮ ከሌሎች ሙዚቀኞች ሸክላ ላይ ድምፅ እየተቆረጠ የተሠራ ነው።

አንድ አባል፦ መቁረጥም ሙያ ነው! እስቲ አንተ ቆርጠህ አሳየን።

መልስ፦ ተረጋጉ። መቁረጥ ሙያ ነው፣ እስማማለሁ። እዚህም መጨረሻው ላይ «ኮንታክት» አለ። የአውስትራሊያው ሸርብስ ባንድ ዘፈን ተወስዶበታል። መግቢያው ላይ የሚያወራው የአፖሎ 17 ጠፈርተኛ ዩጂን ሰርናን ነው። ክርክሩን ለሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ስንት ግራሚ ወሰደ?

መልስ፦ በ2014 አምስት። የዓመቱ አልበም አንዱ ነው። እኔን ያስደሰተኝ ግን የቀረጻ ጥራቱ ሽልማት ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ቤዙ አይሰማም። ቀረጻው ደካማ ነው?

መልስ፦ ከላይ ሁለቴ ተናግሬያለሁ! የስልክ ስፒከር ትንሽ ነው፣ ያን ቤዝ አያወጣም። ሄድፎን አድርግ። የዚህ አልበም ድምፅ እንደ ብዙዎቹ እስኪደፈጠጥ ድረስ ከፍ ተደርጎ አልተሠራም። ድምፁን ራስህ ከፍ አድርገው።

ጥያቄ፦ ድራም የሌለበት እትም አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በ2023 ወጥቷል። ለጆሮ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። «ጆርጆ ባይ ሞሮደር»ን መጀመሪያ እዚያ ላይ ስሙት። ከዚያ ወደ ዋናው ተመለሱና መጨረሻው ላይ ኦማር ሃኪም የሚያደርገውን አድምጡ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው፣ አትዝለሉት። በሄድፎን።